ስለ ጉባኤ ኒቅያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ስለ ተደረገው ጉባኤ የሚነሡ ጥያቄዎች ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንዱ ሲያስቀድስ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» (በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል) የሚለውን ቃል ሰምቶ ከየት እንደ መጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሌላው በማኅበራዊ መገናኛ «መጽሐፍ ቅዱስን የመረጠው ቈስጠንጢኖስ ነው» የሚል አንብቦ የተደናገረ ሰው ነው። እዚህ የቀረቡት መልሶች ሁለቱንም ያስባሉ፤ በጉባኤው በእርግጥ የተደረገውን ከጊዜ በኋላ በጉባኤው ስም ከተነገረው ለመለየትም ይሞክራሉ። የዓመታቱ ቍጥር፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጉባኤው የተጠራው በምን ምክንያት ነው?

ነገሩ የተነሣው በእስክንድርያ ነው። አርዮስ ባውካሊስ በምትባል የከተማዪቱ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር፤ አንደበቱ የለዘበ፣ ኑሮው የጭምት፣ በምእመናንም ዘንድ የተወደደ ሰው እንደ ነበር የተቃወሙት ጸሐፍት እንኳ አልሸሸጉም። በ318 ዓ.ም. ገደማ ሊቀ ጳጳሱ እለእስክንድሮስ ወልድ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን ሲያስተምር አርዮስ ትምህርቱን ተቃወመ፤ ክርክሩም ከካህናት አልፎ ወደ ሕዝቡ ወረደ። የእኛ ትውፊት የጠቡን መነሻ ከዚያም ያስቀድመዋል፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ለሰይፍ ከመስጠቱ በፊት ጌታ ልብሱ ተቀዶ ታየው፣ ማን እንደ ቀደደው በጠየቀ ጊዜም አርዮስ መሆኑን ነገረው ይላል።

እለእስክንድሮስ ወደ መቶ የሚጠጉ የግብፅና የሊብያ ጳጳሳትን ሰብስቦ አርዮስን አወገዘው። አርዮስ ግን ወዳጆች ነበሩት። የአንጾኪያው መምህር የሉቅያኖስ ደቀ መዝሙር ከነበረውና ቤተ መንግሥቱ በተቀመጠባት ከተማ ጳጳስ ከሆነው ከኒቆምድያው አውሳብዮስ ዘንድ ደብዳቤ ላከ፤ ትምህርቱንም በግጥም ጻፈው። ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች የሚሆን ዜማ አዘጋጅቶ እንደ ነበርም ተጽፏል። ሃይማኖታዊ ክርክር በገበያ የሚዘፈን ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

በ324 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢኖስ የምሥራቁን ገዢ ሊኪንዮስን ድል ነሥቶ ምሥራቁንና ምዕራቡን በአንድ ዙፋን ሥር ሲያደርግ የጠበቀው ይህ ጠብ ነበር። በመጀመሪያ ነገሩን አቅልሎ ተመለከተው፤ የቆርዶባውን ጳጳስ ሆስዮስን ደብዳቤ አስይዞ ወደ እስክንድርያ ላከና ሁለቱ ወገኖች በጥቃቅን ነገር ከመለያየት እንዲታረቁ መከረ። ያ ባለመሳካቱ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ቦታው አስቀድሞ አንቂራ፣ የዛሬዪቱ አንካራ፣ እንድትሆን ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን በንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ አጠገብ ወዳለችውና ከምዕራብ ለሚመጡት ወደምትቀርበው ወደ ኒቅያ ተዛወረ። ኒቅያ ዛሬ በቱርክ አገር በሐይቅ ዳር የምትገኘው ኢዝኒክ ናት።

አርዮስ በትክክል ያስተማረው ምንድን ነው?

አርዮስ ክርስቶስ እንደ እኛ ያለ ሰው ብቻ ነው አላለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በስብከት የሚቀርበው አርዮስ ለመርታት የሚቀል አርዮስ ነውና።

የእርሱ መነሻ ያልተወለደና መጀመሪያ የሌለው አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚል ነበር። ወልድ ከተወለደ መገኘቱ መጀመሪያ አለው፣ መጀመሪያ ካለውም «ያልነበረበት ነበረ»፤ ስለዚህ ከፍጥረት ሁሉ በላይ ቢሆንም፣ ዓለምም በእርሱ እጅ ቢፈጠርም፣ እርሱ ራሱ ካለመኖር ወደ መኖር በአብ ፈቃድ የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። አርዮስ እዚህ ላይ «ጊዜ» የሚለውን ቃል መሸሹን ልብ ማለት ይገባል። ወልድ ከዘመናት በፊት እንደ ተገኘ ይቀበላልና «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» አይልም። ይህ ጥንቃቄው ቃሉን ለመያዝ አስቸጋሪ አድርጎታል።

ጥቅሶችም ነበሩት። በግሪኩ ትርጕም መጽሐፈ ምሳሌ 8፥22 ላይ ጥበብ እግዚአብሔር «ፈጠረኝ» ስትል ይነበባል፤ ጥበብ ክርስቶስ መሆኑን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። «ከእኔ አብ ይበልጣል» የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ቃል፣ ያችን ቀን ወልድም እንኳ እንደማያውቃት የሚናገረውን የማርቆስን ወንጌል፣ «የፍጥረት ሁሉ በኵር» የሚለውንም የቈላስይስ መልእክት ይጠቅስ ነበር። ከዚያ በፊት በእስክንድርያ ያስተማረው አርጌንስ የወልድን ልደት ዘላለማዊ ነው እያለ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ወልድን ከአብ ዝቅ የሚያደርግ አነጋገር ትቶ ስለ ነበር፣ ከሁለቱ ወገኖች እያንዳንዱ ከአርጌንስ የሚወስደው ነገር አላጣም።

መልሱን በሰፊው የጻፈው በጉባኤው ጊዜ ገና ዲያቆን የነበረውና ከእለእስክንድሮስ ጋር ወደ ኒቅያ የሄደው አትናቴዎስ ነው። የመልሱ አንዱ ክንድ ስለ አብ ነው፤ አብ አባት የሆነው በጊዜ ብዛት ከሆነ እግዚአብሔር ተለውጧል ማለት ነው፣ ፀሐይም ያለ ብርሃኑ የነበረበት ሰዓት የለም። ሁለተኛው ክንድ ስለ ድኅነታችን ነው፤ ፍጡር ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር ሊያዋሕድ አይችልም፣ ክርስቶስም አምላክ ካልሆነ በሥጋዌው ያገኘነው ሌላ ፍጡርን እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም። አማልክት ዘበጸጋ እንሆን ዘንድ እርሱ ሰው ሆነ የሚለው የአትናቴዎስ ቃል የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ስለ አንዲት የግሪክ ቃል ብቻ ቢመስልም፣ ጥምቀትና ቍርባን ለሰው ምን ያደርጉለታል የሚለው ጥያቄ ከሥሩ ነበረ።

በእርግጥ 318 አባቶች ተገኝተው ነበርን?

በጉባኤው የነበሩ ሰዎች የጻፉት ቍጥር ይለያያል። የቂሳርያው አውሳብዮስ (ከኒቆምድያው ሌላ ነው) ከ250 በላይ ይላል፣ የአንጾኪያው አውስታቴዎስ ወደ 270 ያደርሰዋል፣ አትናቴዎስ ደግሞ በአንድ ቦታ ወደ 300 ብሎ በኋላ በጻፈው መልእክት 318 ይላል። ጸንቶ የቀረው የመጨረሻው ነው። ምክንያቱ ቍጥሩ የሚናገር ቍጥር መሆኑ ነው፤ አብርሃም ሎጥን ለማስመለስ ይዟቸው የወጣው የቤቱ ሰዎች 318 ነበሩ (ዘፍጥረት 14፥14)። በግሪክ ፊደል ደግሞ 300 የሚጻፍበት «ታው» የመስቀል ቅርጽ አለው፣ 18 የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላትም የኢየሱስ ስም መነሻ ናቸው፤ ይህ አተረጓጐም ከኒቅያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አባቶች ቍጥሩን ሲወዱት የሒሳብ መዝገብ መያዛቸው አልነበረም። አባቶቹ የሚጠሩበት የግእዙ «ሠለስቱ ምዕት» በቀጥታ ሲተረጐም ሦስት መቶ ማለት ብቻ መሆኑም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዐሥራ ስምንቱ በልማድ ይታወቃሉ።

ከቍጥሩ ይልቅ ማንነታቸው ይበልጣል። በክርስቲያኖች ላይ የነበረው ስደት ካበቃ ገና ዐሥራ ጥቂት ዓመታት አልፈውት ነበርና፣ ዓይኑ የወጣው የግብፁ በፍኑትዮስና እጆቹ በጋለ ብረት የተቃጠሉት የኒዮቂሳርያው ጳውሎስ በመካከላቸው እንደ ነበሩ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፍት ያወሳሉ። ከላቲን ምዕራብ የመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የሮሙ ጳጳስ ሲልቬስትሮስ ራሱ አልመጣም፣ ሁለት ቀሳውስት ላከ።

ክርስቶስን አምላክ ያደረገው ቈስጠንጢኖስ ነውን?

አይደለም። ከኒቅያ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ112 ዓ.ም. ገደማ፣ የቢታንያ ገዢ ፕሊኒዮስ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች በማለዳ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ አስታውቋል፤ ጸሐፊው የሚያሳድዳቸው ሰው ነውና ለማመስገን የጻፈው አይደለም። በዚያው ዘመን ለአራዊት ሊሰጥ ወደ ሮም ሲወሰድ የነበረው የአንጾኪያው አግናጥዮስ በመልእክቶቹ «አምላካችን ኢየሱስ ክርስቶስ» ይል ነበር። አርዮስም ቢሆን ወልድን «አምላክ» ብሎ ከመጥራት አልታቀበም፤ ጥያቄው ቃሉ በምን ትርጕም ይባላል የሚል ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምንም ድርሻ አልነበረውም ማለትም ትክክል አይሆንም። ጉባኤውን የጠራው፣ ለጳጳሳቱ መጓጓዣና ስንቅ የሰጠው፣ በወርቅና በቀይ ሐር ተሸልሞ ገብቶ በላቲን ንግግር ያደረገው፣ እምቢ ያሉትንም ያጋዘው እርሱ ነው። የቂሳርያው አውሳብዮስ ለሀገረ ስብከቱ በላከው ደብዳቤ «ሆሞኡሲዮስ» የምትለውን ዋናዪቱን ቃል ንጉሡ ራሱ እንደ ደገፋት ጽፏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቈስጠንጢኖስ ገና አልተጠመቀም ነበር፤ የተጠመቀው በ337 ዓ.ም. ሊሞት ሲል ነው፣ ያጠመቀውም የአርዮስ ወዳጅ የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው። ኒቅያ የንጉሡ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ ቈስጠንጢዮስ በሥልጣኑ ሊሽረው ሃያ ዓመት በደከመ ጊዜ በተሻረ ነበር።

«ሆሞኡሲዮስ» የሚለው ቃል ለምን ያን ያህል አወዛገበ? በግእዝስ እንዴት ተተረጐመ?

ቃሉ «አንድ ባሕርይ ያለው» ማለት ነው። አትናቴዎስ እንደሚተርከው አባቶች በመጀመሪያ በመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ ሊጽፉ ፈለጉ። ወልድ «ከእግዚአብሔር ነው» ይባል ሲሉ የአርዮስ ወገኖች በዓይን ተጠቃቀሱና እኛም እንስማማለን አሉ፤ ሁሉም ነገር ከእግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፏልና። «የአብ ኃይል» ይባል ሲሉ፣ አንበጣና ኵብኵባም የእግዚአብሔር ኃይል ተብለዋል ብለው ተቀበሉ። የትኛውም ጥቅስ በር ሆኖ ስላስገባቸው፣ ሊያልፉበት የማይችሉት አንድ ቃል አስፈለገ።

ቃሉ ግን ንጹሕ ታሪክ አልነበረውም። በመጽሐፍ ቅዱስ አይገኝም፤ ከዚህም በላይ በ268 ዓ.ም. አካባቢ ጳውሎስ ሳምሳጢን ያወገዘው የአንጾኪያ ጉባኤ ይህንኑ ቃል ነቅፎት ነበር። ብዙ የምሥራቅ ጳጳሳት ቃሉን ሲሰሙ የሚታሰባቸው ሰባልዮስ ነበር፤ አብና ወልድ አንድ አካል በሁለት ስም ናቸው የሚለው ትምህርት በዚህ በር እንዳይገባ ፈሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በኒቅያ የጸደቀው የሃይማኖት ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ውግዘት ወልድን «ከሌላ ሂፖስታሲስ ወይም ከሌላ ኡሲያ ነው» የሚሉትን ሲያወግዝ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ነገር ይጠቀምባቸዋል፤ ኡሲያ «ባሕርይ»፣ ሂፖስታሲስ ደግሞ «አካል» ከሆነ ግን አብና ወልድ አንድ አካል ናቸው ያሰኛል። ይህን ቋጠሮ በ362 ዓ.ም. በአትናቴዎስ ሰብሳቢነት የተደረገው የእስክንድርያ ጉባኤ መፍታት ጀመረ፤ ከእርሱ በኋላ ባስልዮስ፣ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙና ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ አንድ ኡሲያ ሦስት ሂፖስታሲስ ብለው ጨረሱት። ዛሬ ሕፃን ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ» ብሎ በአንድ እስትንፋስ የሚመልሰው የሃምሳ ዓመት ክርክር ያስገኘው አነጋገር ነው።

የግእዙ ጸሎተ ሃይማኖት ቃሉን በቃሉ አልገለበጠም። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ይላል፤ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል ማለት ነው። «ዕሩይ» መተካከልን እንጂ አንድ ባሕርይ መሆንን በቀጥታ አይናገርም፤ ተከራካሪ ቢነሣ፣ ሁለት ነገሮች ሊተካከሉ ይችላሉና አንድነቱ የት አለ ሊል ይችላል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው ጥቂት ቀድሞ ያለው «ዘህልው ምስሌሁ እምቅድመ ይትፈጠር ዓለም፣ ብርሃን ዘእምብርሃን» የሚለው ነው። በእኔ ግምት የግእዙ ተርጓሚ የግሪክን የፍልስፍና ቃል ወደ ምእመን ጆሮ ሲያመጣ፣ አርዮስ የካደውን ነገር፣ ማለትም መተካከልን፣ መርጦ ተናገረ። ሊቃውንቱ ደግሞ በትርጓሜ ጊዜ «ባሕርይ» የሚለውን አምጥተው ያሟሉታል።

የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት የተመረጡት በኒቅያ ነውን?

በፍጹም። ከጉባኤው ሃያ ቀኖናዎች አንዱም ስለ መጻሕፍት ቍጥር አይናገርም። መጻሕፍቱ ከመንበር ሥር ተቀምጠው እውነተኞቹ በተአምር ከላይ ተገኙ የሚለው ተረት በ9ኛው መቶ ዘመን ከተጻፈ የግሪክ መድበል የመጣ ነው። የዛሬዎቹን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ የዘረዘረው የመጀመሪያው የታወቀ ጽሑፍ አትናቴዎስ በ367 ዓ.ም. ለፋሲካ የላከው መልእክት ነው።

ከአርዮስ ጉዳይ ሌላ ምን ተወሰነ?

የፋሲካ ቀን። አንዳንድ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የአይሁድን ፋሲካ ተከትለው ያከብሩ ስለ ነበር፣ ሁሉም እስክንድርያና ሮም እንደሚያደርጉት በራሱ ስሌት በአንድ እሑድ እንዲያከብር ተስማሙ። በስሌቱ የታወቀችው እስክንድርያ ነበረች፤ እኛም ባሕረ ሐሳብን ለድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ የምንሰጠው ከዚሁ የተነሣ ነው። በግብፅ ጳጳሱ መሊጦስ ያስነሣው የመለያየት ጉዳይም በጉባኤው ታየ።

ከሃያዎቹ ቀኖናዎች አብዛኞቹ የአስተዳደር ጉዳዮች ናቸው፤ ጳጳስ ቢያንስ በሦስት ጳጳሳት ይሾም፣ ካህን በአራጣ አያበድር፣ ጳጳስ ከከተማ ወደ ከተማ አይዘዋወር፣ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት አይቀመጥ የሚሉት ይገኙባቸዋል። ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ሃያኛው ነው፤ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ሳንሰግድ ቆመን እንድንጸልይ ያዝዛል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም ሲባል ይህ ሥርዓት መጠበቁ ነው።

ቅዱስ ኒቆላዎስ አርዮስን በጥፊ መትቶታልን?

ታሪኩ የተጻፈው ከጉባኤው በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። በጉባኤው የነበሩት ጸሐፍት አንዳቸውም አላወሱትም።

አርዮስ ከተወገዘ በኋላ ክርክሩ አበቃን?

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጉባኤው እስከ መጨረሻ አልፈርምም ያሉት ሁለት የሊብያ ጳጳሳት፣ ሰኩንዶስና ቴዎናስ፣ ከአርዮስ ጋር ተጋዙ። ከወራት በኋላ የኒቆምድያው አውሳብዮስም ተጋዘ፤ ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ በቤተ መንግሥቱ ከበፊቱ የበለጠ ተሰሚ ሆነ። አርዮስም ከግዞት ተመለሰ፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሊታረቅ በቀጠሮ ላይ እንዳለ በ336 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ በድንገት ሞተ።

አትናቴዎስ በ328 ዓ.ም. በእስክንድርያ መንበር ከተሾመ ጀምሮ እስካረፈበት እስከ 373 ዓ.ም. ድረስ ከነበሩት 45 ዓመታት ወደ 17 የሚሆኑትን ያሳለፈው በስደት ነው። አምስት ጊዜ፣ በአራት ነገሥታት ተሰደደ። የመጀመሪያው በ335 ዓ.ም. የጢሮስ ጉባኤ ከፈረደበት በኋላ ወደ ትሪየር፣ ወደ ዛሬዪቱ ጀርመን፣ የሄደበት ሲሆን፣ ወደ ግዞት የላከው ንጉሥም ጉባኤ ኒቅያን የጠራው ያው ቈስጠንጢኖስ ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ በግብፅ በረሃ በመነኰሳት መካከል ተሸሸገ።

ቈስጠንጢዮስ (ስሙ ከአባቱ ስም ጋር ስለሚመሳሰል አንባቢ ይጠንቀቅ) ብቸኛ ገዢ ከሆነ በኋላ ጳጳሳቱን በየጉባኤው እያስፈረመ «ኡሲያ» የሚለው ቃል ከሃይማኖት ጽሑፍ ሁሉ እንዲወጣ ጣረ። በ359 ዓ.ም. በአሪሚኑም ከ400 በላይ የምዕራብ ጳጳሳት ተሰብስበው በመጨረሻ በግዴታ ፈረሙ። የላቲኑ ሊቅ ሄሮኒሞስ ይህን ሲያስታውስ ዓለም ሁሉ አርዮሳዊ ሆኖ ራሱን በማግኘቱ ተደንቆ አቃሰተ ብሏል። ነገሩ የተገለበጠው ቈስጠንጢዮስ በ361 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው። ከሮም ግዛት ውጪ ግን የአርዮሳውያን ትምህርት በጎታውያን ዘንድ ሥር ሰድዶ እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቆየ።

በቅዳሴ የምንጸልየው ጸሎተ ሃይማኖት የ325ቱ ነውን?

በመሠረቱ ከእርሱ የወጣ ቢሆንም ቃል በቃል እርሱ አይደለም። የኒቅያው ቃል አጭር ነው፤ የእመቤታችን ስምም የጲላጦስ ስምም አይገኝበትም፣ ስለ መንፈስ ቅዱስም «በመንፈስ ቅዱስም እናምናለን» ብሎ ብቻ ወደ ውግዘቱ ይሻገራል። የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት የካዱት የመቅዶንዮስ ወገኖች ከተነሡ በኋላ፣ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች «እግዚእ ማኅየዊ፣ ዘሠረጸ እምአብ» የሚለውን ይዞ የሚገኘውን ሰፊውን ቃል አጸኑ። ምዕራባውያን ብዙ ቆይተው «ከወልድም» የሚል ጨመሩበት፤ የእኛ ግእዝ ይህን ጭማሪ አያውቀውም።

የኒቅያ ሃይማኖት ወደ አክሱም የደረሰው እንዴት ነው?

በአትናቴዎስ እጅ ነው። ታሪኩን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ከሩፊኖስ ነው፤ እርሱም ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ከጢሮስ የመጡት ሁለቱ ወጣቶች፣ ፍሬምናጦስና በእኛ መጻሕፍት ሲድራኮስ የሚባለው ኤዴስዮስ፣ በቀይ ባሕር ዳር አብረዋቸው የነበሩት ሲገደሉ ተርፈው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ፍሬምናጦስ በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ አገር ጳጳስ እንዲላክ ሲለምን፣ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እርሱን ራሱን ሾመው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ይህ ነው።

ቈስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ ካባረረና የቀጰዶቅያውን ጊዮርጊስን በምትኩ ካስቀመጠ በኋላ፣ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ለራሱ መከላከያ ባዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶ ስላቈየው እስከ ዛሬ ይነበባል። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ በብዙ ክፋት የተከሰሰ ነውና፣ ፍሬምናጦስ ፈጥኖ ወደ ግብፅ ይላክ፣ ጊዮርጊስም ይመርምረው ይላል፤ አትናቴዎስ ራሱ ወደ አክሱም ሸሽቶ ሕዝቡን እንዳያስትም ስጋቱን ይገልጻል። የአርዮስ ክርክር አክሱም ደጃፍ ድረስ እንደ መጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። የኢዛና የግሪክ ጽሑፍ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስም ኃይል ብሎ መጀመሩ፣ በገንዘቡም ላይ የጨረቃው ምልክት በመስቀል መተካቱ ነገሥታቱ ክርስትናን መቀበላቸውን ያሳያሉ፤ የትኛውን ክርስትና እንደ ያዙ ደግሞ አባ ሰላማን ቅዱስ ብላ፣ አትናቴዎስን ሐዋርያዊ ብላ፣ በሁለቱም ስም የምትጸልየው ቤተ ክርስቲያን ትናገራለች። ከቅዳሴዎቻችን አንዱ ዘሠለስቱ ምዕት፣ አንዱም ዘአትናቴዎስ ይባላል።

ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ሊቀ ጳጳሳት እንዳይሾሙ ኒቅያ ከልክሏልን?

አልከለከለም፤ የሃያዎቹ ቀኖናዎች ግሪክኛ በእጃችን አለ። ስድስተኛው ቀኖና የእስክንድርያ ጳጳስ በግብፅ፣ በሊብያና በጰንጠጶሊስ ላይ የቈየ ሥልጣኑ እንዲጸና ያዝዛል፤ ኢትዮጵያን አይጠራም። አክሱምም በ325 ዓ.ም. ከአትናቴዎስ የተሾመ ጳጳስ አልነበራትም፤ አትናቴዎስ ራሱ መንበር ላይ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ክልከላው የሚገኘው ከጊዜ በኋላ በዐረብኛ በተዘጋጀውና ቀኖናዎቹን ከሰማንያ በላይ በሚያደርሰው ስብስብ ውስጥ ነው። በዚያ ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንታቸው መካከል ለራሳቸው ፓትርያርክ አይሹሙ፣ በእስክንድርያ ሥልጣን ሥር ናቸውና የሚል ተጽፏል፤ ከዚያ ወደ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ አራት ገባ። መጽሐፉ የሕግ መጽሐፍ በመሆኑ ቃሉ የሠለስቱ ምዕት ቃል ተደርጎ ለዘመናት ተከበረ፤ ጳጳስ ሲያርፍ ወርቅና ገጸ በረከት የጫኑ መልእክተኞች ወደ ግብፅ የሚወርዱት፣ አንዳንዴም አገሪቱ ለብዙ ዓመት ያለ ጳጳስ የምትቀመጠው በዚህ ነበር። ሊቃውንቱ ያልጠረጠሩት ለምን እንደ ሆነ መረዳት አያስቸግርም፤ ሃይማኖትን ያጸኑልን አባቶች በስማቸው የመጣን ቃል ማን ደፍሮ ይመረምራል?

ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በ1948 ዓ.ም. ከተደረገው ስምምነት በኋላ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት ሆነው በካይሮ ተሾሙ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። በእኛ አቈጣጠር የመጀመሪያው ጥር 1943፣ ሁለተኛው ሰኔ 1951 ነው፤ «በ1951 ተሾሙ» የሚል ጽሑፍ ያገኘ አንባቢ ስለ የትኛው ሹመት እንደሚናገር ወሩን አይቶ ይለይ።